ስፕሊት አልወርድ ሲላችሁ፦ መጀመሪያ የት እንደሚይዛችሁ እወቁ

ቴኳንዶ ሳሰለጥን አዲስ ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ስፕሊት ለመውረድ ስንት ወር ይፈጅብኛል?» ስፕሊት ማለት እግርን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወይም ግራና ቀኝ ከፍቶ መሬት ድረስ መውረድ ነው። እኔም መልሼ የምጠይቀው ሁሌ ያው ነው፦ «ስትወርድ የት ላይ ነው የሚይዝህ?» ከጭን ኋላ ነው? ከብሽሽት ነው? ከመቀመጫ አጥንት ነው? ወይስ ከጉልበት በውስጥ በኩል? መድኃኒቱ እንደ ቦታው ይለያያል። ቦታውን ሳይለዩ ዝም ብሎ ወደ ታች መጫን ብዙ ልጆችን ሲጎዳ አይቻለሁ። እኔንም ጎድቶኛል፤ እሱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው ሰውነት ከሞቀ በኋላ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሶምሶማ ሩጡ ወይም ገመድ ዝለሉ፤ ግንባራችሁ ላብ ማውጣት ይጀምር። በሐምሌ ጠዋት ከአልጋ ተነስቶ ቀዝቃዛ ሊሾ ላይ እግር መክፈት አይሆንም።

«የፊተኛው እግሬን ቋንጃ ይይዘኛል»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህንን ነው። እውነት ቋንጃው (የጭን የኋላ ጡንቻ) መሆኑን ለማረጋገጥ በጀርባችሁ ተኙ። ነጠላ ወይም የቴኳንዶ ቀበቶ በውስጥ እግራችሁ ላይ አጥልቁና ጉልበታችሁን ሳታጥፉ እግራችሁን ወደ ላይ ሳቡት፤ ሌላኛው መሬት ላይ ተዘርግቶ ይቆይ። እግራችሁ 90 ዲግሪ ሳይደርስ ከቆመ፣ አዎ፣ ቋንጃ ነው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አሳሳቡ ነው። ተማሪው ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ለማድረስ ሲታገል ጀርባውን ያጎብጣል። ከሩቅ ሲያዩት የወረደ ይመስላል፤ ዳሌው ግን ንቅንቅ አላለም። የጭን የኋላ ጡንቻ የሚነሳው ከመቀመጫ አጥንት ነው፤ ስለዚህ ዳሌ ወደ ፊት ካልተዘነበለ የሚለጠጠው ወገብ ብቻ ነው።

መፍትሄው፦ የኋላ ጉልበታችሁን ትራስ ላይ አንበርክኩ፣ የፊተኛውን እግር ዘርጉ፣ እጆቻችሁን ግራና ቀኝ በርጩማ ላይ አሳርፉ። ደረታችሁን ቀና አድርጋችሁ እምብርታችሁን ወደ ጭናችሁ አስጠጉ፤ ግንባራችሁን እርሱት። ሲይዛችሁ እዚያው ቁሙና በፊተኛው ተረከዝ መሬቱን ወደ ራሳችሁ እንደምትጎትቱ ሁሉ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ግፉ፤ ሙሉ ኃይላችሁን አትጠቀሙ። ከዚያ ልቀቁት፣ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ትንሽ ዝቅ በሉና ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ቆዩ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት። ጡንቻው መጀመሪያ ሠርቶ ሲለቀቅ ከቅድሙ የበለጠ መለጠጥን ይቀበላል፤ በዚያው ቀን ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

«ልወርድ ትንሽ ቀርቶኛል፣ ግን ዳሌዬ ይዞራል»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ወራት የሚያባክነው። አንድ ተማሪዬ ሁለት ወር ሙሉ ቋንጃውን ሲስብ ከርሞ ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብሎ ቀረ። አንድ ቀን ከፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ አየሁት። የቀበቶው ቋጠሮ የፊተኛውን ተረከዙን ማየት ሲገባው ወደ መስኮቱ ዞሯል። ችግሩ ያለው በኋላኛው እግር ነበር።

ከወገብ ተነስቶ በብሽሽት በኩል ጭን ላይ የሚያርፈው ጡንቻ ሲያጥር የኋላኛው ጭን ወደ ኋላ መሄድ ያቅተዋል፤ ዳሌም ዞሮ ያመልጣል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው፣ ሹፌርም ይሁን የቢሮ ሠራተኛ፣ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ለመፈተን ጠንካራ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ መቀመጫችሁን አድርጋችሁ በጀርባ ተኙ። አንዱን ጉልበት ደረታችሁ ላይ እቀፉ፤ ሌላው እግር ተንጠልጥሎ ይውረድ። የተለቀቀው ጭን ጠረጴዛውን ሳይነካ ከፍ ብሎ ከቀረ ምክንያቱን አገኛችሁት።

መፍትሄው የኋላኛውን ጉልበት መሬት ላይ አድርጎ፣ ሌላውን እግር ከፊት ረግጦ የሚሠራው የተለመደው ስትሬቺንግ (ማሳሳብ) ነው። ነገር ግን ወደ ፊት ከመሄዳችሁ በፊት በኋላኛው እግር በኩል ያለውን የመቀመጫ ጡንቻ አጥብቁና የቀበቶውን ቋጠሮ ወደ ደረታችሁ ከፍ እንደምታደርጉ ዳሌያችሁን አንሱት። ይህንን ሳያደርጉ ወደ ፊት መውደቅ ወገብ ያሳምማል እንጂ ብሽሽትን አይከፍትም። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ያ ልጅ ዳሌውን ሲያስተካክል ከአራት ጣት ወደ ስምንት ጣት ከፍ ብሎ በጣም ተናደደ። እናንተም እንዲህ ብትሆኑ አትደንግጡ፤ እውነተኛው ከፍታችሁ እሱ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ያለው መውረድ ሁሉ የእናንተ ነው።

«ከጉልበቴ ጀርባ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል»

መንዘር፣ መደንዘዝ፣ እስከ ውስጥ እግር የሚወርድ ማቃጠል የጡንቻ ስሜት አይደለም። ከወገብ ተነስቶ በጭን ኋላ የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ነው። እግራችሁን እንደዘረጋችሁ አገጫችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። እግሩ ሳይንቀሳቀስ ስሜቱ ከባሰ ነርቩ መወጠሩን ያሳያል። ነርቭን ወጥሮ ይዞ መቆየት ያስቆጣዋል። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጉልበታችሁን ስትዘረጉ ቀና በሉ፣ ስታጥፉ አንገታችሁን ድፉ፤ በዝግታ ከ10 እስከ 15 ጊዜ። መደንዘዙ ካልለቀቀ ወይም እግሩ ከደከመ ወደ ሐኪም።

«መቀመጫ አጥንቴ ላይ ያመኛል»

ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡልኝ። በ16 ዓመቴ ስፕሊት ላይ እንዳለሁ አንድ ትልቅ ሰልጣኝ ትከሻዬን ይዞ ተጫነኝ። ከመቀመጫዬ ሥር «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለወራት ወንበር ላይ የምቀመጠው በአንድ ጎኔ ነበር። ከዚያ የከፋው ደግሞ የራሴ ስህተት ነው፤ የጠበበኝ መስሎኝ በየቀኑ እስበው ነበር። የተጎዳ ጅማት በተለጠጠ ቁጥር መቀመጫ አጥንቱ ላይ ይጫናል፤ እኔ መድኃኒት ያልኩት ቁስሉን ያድስ ነበር።

መፍትሄው መሳቡን ማቆም ነው። በጀርባ ተኝታችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ መቀመጫችሁን ከመሬት አንሱና ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ያዙ፤ አምስት ጊዜ። ሲቀላችሁ ተረከዛችሁን ትንሽ ትንሽ አርቁት። ወንበር ላይ ያለ ሕመም መቀመጥ ስትችሉ ብቻ ወደ ስትሬቺንግ ተመለሱ። ድምፅ ከተሰማ፣ ጭን ኋላ ከበለዘ ወይም መራመድ ካስቸገረ ግን ቀጥታ ወደ ሕክምና። በተለይ ታዳጊዎች ላይ ጡንቻው የተያያዘበት የአጥንቱ ጫፍ ገና ስላልጠነከረ ቁራጭ አጥንት ይዞ ሊነሳ ይችላል። አሰልጣኞች፣ እባካችሁ፣ ልጅ ላይ አትጫኑ።

«ጎን ለጎን ስከፍት አጥንት ከአጥንት ይጋጫል»

ዳሌያችሁ ጎን ላይ የሆነ ነገር ድንገት ከገታችሁ የጭን አጥንት አንገት ከዳሌው ጉድጓድ ጠርዝ ጋር ተገናኝቶ ይሆናል። ኃይል አይከፍተውም። ዳሌያችሁን ወደ ፊት ዘንብሉት፣ የጉልበታችሁን ሎሚና የእግር ጣቶቻችሁን ወደ ጣሪያ አዙሩ፤ መንገዱ ይከፈታል። የአንዳንድ ሰው አጥንት አፈጣጠር ግን 180 ዲግሪ አይሰጥም፤ እንዲህ ያለው ሰው ከጎበዝ አስተማሪ ጋርም ቢሆን እዚያ አይደርስም፣ ምንም ጥፋት የለበትም።

ሕመሙ ጉልበት ላይ በውስጥ በኩል ከሆነ ከውስጥ ጭን ጡንቻዎች አንዱ ጉልበትን ተሻግሮ ስለሚያያዝ ነው። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ከሥሩ ጋቢ አንጥፋችሁ፣ እንደ እንቁራሪት እየከፈታችሁ ሥሩ።

«ትናንት ወርጄ ዛሬ ደረቅኩ»፣ «መጨረሻው አራት ጣት አልሄድ አለ»

የመጀመሪያው አያሳስብም፤ እንቅልፍ፣ ብርድና የትናንት ድካም ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የጥንካሬ ማነስ ነው፤ ሰውነት መቆጣጠር በማይችልበት ቦታ አይለቃችሁም። ካልሲ አጥልቃችሁ ሊሾ ላይ እጃችሁን በርጩማ አስይዛችሁ በዝግታ ተንሸራተቱ። መጨረሻው ላይ ሁለቱንም እግር ወደ መሬት እየጫናችሁ እርስ በርስ ሳቧቸው፣ 10 ሰከንድ። ይህን ጠንከር ያለ ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሥሩት፣ በመካከሉ አንድ ቀን ቀለል ያለ ማፍታታት ይግባ። አንዱ ጎን ወርዶ ሌላው እምቢ ካለ ከእምቢተኛው ጀምሩ፤ እሱ ላይ አንድ ዙር ጨምሩለት።