ሳልበላ ስኳሬ እንዴት ወጣ?

አክስቴ የሚኖሩት ደሴ፣ ሆጤ ነው። ስኳር ካለባቸው ቆይተዋል። መለኪያ ከገዛሁላቸው ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይደውሉልኛል፤ ሰላምታቸውም አጭር ነው። «ዛሬም 190! ማታ እኮ ግማሽ እንጀራ ነው የቀመስኩት። ከየት መጣ?»

ከጉበት ነው፣ እትዬ።

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ስለምሰማው ከእሳቸው ጋር ያየነውን ልጻፍላችሁ። የመድኃኒት መጠን የሚቀይረው ግን ሐኪም ነው።

ቁጥሩ ድንገት ዘለለ

መጀመሪያ ጣታችሁን ጠርጥሩ። አንድ ቀን 290 አሉኝና ደነገጥኩ። ለካ ብርቱካን ልጠው እጃቸውን ሳይታጠቡ ነው የለኩት። በሳሙና ታጥበው፣ በደንብ አድርቀው ሲደግሙት 142 ሆነ። ጣት ላይ የቀረች ትንሽ ጭማቂ መለኪያውን ታታልለዋለች።

ቡናውንም አትርሱ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከተጨመረ ስድስት ማንኪያ ነው። ወደ 24 ግራም ይጠጋል። ቡና ግን እኛ ዘንድ «በላሁ» አያሰኝም።

ማታ ደህና፣ ጠዋት ከፍ

ጉበት የስኳር ጎተራ ነው። ከበላን በኋላ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል። ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም እያነሳ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ያስገባል፣ ጉበትንም «አስቀምጥ፣ አታውጣ» ይለዋል። ሳንበላ ስንቆይ ደግሞ ያው ቆሽት ግሉካጎን የሚባለውን ሆርሞን (በደም የሚላክ መልእክተኛ) ይልክና ጎተራውን ያስከፍታል። እንቅልፍ ላይ እያለን አንጎላችን የማይራበው በዚህ ነው።

ችግሩ ሥራው የተከፋፈለው እኩል አለመሆኑ ነው። ስኳር የሚያወርደው ዋና ሆርሞን አንድ ኢንሱሊን ብቻ ነው። የሚያወጡት ግን ግሉካጎን፣ አድሬናሊን፣ ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ናቸው፤ አራት ለአንድ። ሊነጋ ሲል ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ሰውነትን ለቀኑ ሊያሰናዱ ከፍ ይላሉ። ጉበትም ስኳር ይለቃል። ጤነኛ ሰው ኢንሱሊን ጨምሮ ያካክሰዋል። ስኳር ያለበት ሰው ማካካሻው ያጥረዋል። ስለዚህ የእትዬ 190 ከግማሽ እንጀራው ላይሆን ይችላል።

እንዴት ይለያል? ለጥቂት ቀናት ሦስት ጊዜ መለካት ነው፦ ሲተኙ፣ ሌሊት 9 ሰዓት እና ሲነሱ። ሲተኙም ከፍ ያለ ከሆነ እራቱን ወይም የማታውን መድኃኒት ማየት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከ70 በታች ከወረደ መድኃኒቱ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ቶሎ መንገር ያስፈልጋል። ሌሊቱን ደህና አድሮ ወደ ንጋት ብቻ ከወጣ፣ የነገርኳችሁ የንጋት ሆርሞን ነው። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡት። «ጠዋት ጠዋት ይወጣብኛል» ከሚል ወሬ ይልቅ ያቺ ወረቀት ትረዳዋለች። እራት መዝለል ግን መፍትሄ አይደለም፤ እትዬ ሞክረውት ጠዋት ያው ሆነ።

መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት

ስኳር ወርዷል ማለት ነው። የሚያንቀጠቅጠው አድሬናሊን ነው፤ ጎተራውን በግድ ሊያስከፍት ተነስቶ። አንዳንድ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች ግን መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይደብቃሉ። ላቡ ይቀራል፣ እሱን ተከታተሉ።

እትዬ የመጀመሪያ ጊዜ ሲወርድባቸው ቆሎ ነበር የቆረጠሙት። ቆሎ ተፈጭቶ ደም እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። የሚያስፈልገው 15 ግራም ፈጣን ስኳር ነው፦ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካል፤ ከ70 በታች ከሆነ ይደገማል። ቆሎውና እንጀራው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ለሚጾሙ አንድ ነገር፦ ግሊቤንክላሚድ የሚባለው የስኳር ክኒን ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን ያስለቅቀዋል፣ ምግብ ኖረም አልኖረም። ሜትፎርሚን የሚባለው ሌላው ክኒን ለብቻው ሲወሰድ እንዲህ እምብዛም አያወርድም። ሮመዳንም ሆነ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ማማከር ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ለቅሶና ጉንፋን

እትዬ ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ሰንብተው፣ ምግብም በቅጡ ሳይበሉ፣ ስኳራቸው 300 አለፈ። ሐዘኑ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሕመሙ ሁሉ ኮርቲሶልና አድሬናሊን ይጨምራል። ኮርቲሶል ኢንሱሊንን ያዳክማል፤ ጉበትም ከፕሮቲን ሳይቀር አዲስ ስኳር ይሠራል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን የኮርቲሶል ዘመድ ስለሆነ እሱም ያወጣል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት «አልበላሁም» ብሎ የሚወጉትን ኢንሱሊን ማቆም ነው። አይቆምም። ውሃ መጠጣት፣ ቶሎ ቶሎ መለካት። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም ወይም ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ከመጣ ያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው።

ኢንሱሊኑ አልሠራ አለ

ቦታውን ዳብሱ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከተወጋ እብጠት ይሠራል፣ ኢንሱሊንም ከዚያ በደንብ አይሰራጭም። ከትናንቱ ሁለት ጣት ያህል እየራቃችሁ ውጉ።

ሌላው ሙቀት ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነ አይታወቀንም። ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ግን አየሩ ሌላ ነው። አንዴ እትዬን ይዤ ስወርድ ኢንሱሊኑ ያለበትን ፌስታል ሚኒባሱ ዳሽቦርድ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ረሳነው። ስናነሳው ብልቃጡ ይፋጃል። ያንን ጥለን አዲስ ገዛን። ያልተከፈተ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው ከፀሐይ ርቆ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ አብዛኛው ለ28 ቀን ያህል ይቆያል። በረዶ ማስነካትም አይቻልም፤ ቀዝቅዞ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይመለስም።