ጥቁር ጭስ ጉልበት አይደለም፦ የናፍጣ ሞተር ሲያጨስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ሐረጎን የሚወጣ የጭነት መኪና ከኋላው ጥቁር ጭስ ሲለቅ «ሞተሩ ጉልበት አለው» የሚል አይጠፋም። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ያ ጭስ በደንብ ሳይነድ የቀረ ናፍጣ ነው። ገንዘብ ተከፍሎበታል፤ ጎማ ግን አላዞረም። ጥላሸቱን የሚተነፍሰው ደግሞ መንገድ ዳር ያለው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የመደበው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ነገሩ የነዳጅ ወጪ ብቻ አይደለም።

ናፍጣ ፈሳሽ እንዳለ አይነድም። ተረጭቶ መድቀቅ፣ ተንኖ ከአየር ጋር መቀላቀል አለበት። ይህን ሁሉ ለመጨረስ ያለው ጊዜ ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። ግንድ በክብሪት አይያያዝም፤ ጭራሮ ግን ወዲያው ይያያዛል። ጠብታው ከወፈረ አየር ያላገኘው ናፍጣ በሙቀቱ ወደ ጥላሸት ይለወጣል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ወይ ርጭቱን ያበላሻሉ፣ ወይ አየሩን ያሳንሳሉ።

ፓምፕ መክፈት

«ልጄ፣ ዳገት ላይ ይደክምብኛል፤ እስቲ አንዲት ጥምዝ ጨምርልኝ» የሚል ሾፌር ጋራዥ ውስጥ ሁሌም አለ። መካኒኩም የሰው ፊት ይከብደውና ፕሎምፑን (ማሸጊያውን) በጥሶ ብዙ ናፍጣ እንዲሄድ የናፍጣ ፓምፑን ቡሎን ያዞራል። በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኸ ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌና በባቲ የመጣ መኪና ደሴ ሲደርስ ሞተሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ቀንሷል። አንድ ኪሎ ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲነድ 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቅልቅሉ መቼም ፍጹም ስለማይሆን የናፍጣ ሞተር ከዚያም በላይ አየር ካላገኘ ያጨሳል። አየሩ በቀነሰበት ቦታ ናፍጣ ሲጨመርበት ትርፉ ጥላሸትና ሙቀት ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ቱርቦ የሌላቸው ሚኒባሶች ግን ምንም የላቸውም።

ትክክለኛው መልስ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ፊልትሮውንና ኖዝሉን ልየው» ነው። ኖዝል ማለት ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው የኢንጀክተር ጫፍ ነው።

ኖዝልን በሽቦ መጎርጎር

የዘመናዊ ኢንጀክተር ቀዳዳ ስፋቱ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። በዐይን እንኳ በጭንቅ ይታያል። በመርፌ ወይም በሽቦ ብሩሽ ሲነካ ጠርዙ ይጫራል፤ ቀዳዳውም ይሰፋል። አንደኛው ቀዳዳ ከሌላው ሲሰፋ ናፍጣው ወደ አንድ ጎን ያደላል። የወፈረው ጅረት የፒስተኑን አናት ያረጥባል፤ በሌላ በኩል ያለው አየር ደግሞ ሥራ ይፈታል። ካርቦን የያዘው ኖዝል ማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ከተገኘም በአልትራሳውንድ ማጠቢያ ይጸዳል። ያልለቀቀው ይቀየራል።

ሳይፈትሹ መግጠም

አዲስ ኖዝልም ቢሆን በመሞከሪያው ፓምፕ ሳይታይ መግባት የለበትም። በሜካኒካል ኢንጀክተር ላይ የእጅ መሞከሪያው ብዙ ይናገራል። ግፊቱ ሞተሩ በሚፈልገው ልክ ሲደርስ ይከፈታል፤ ይህም እንደየሞተሩ ከ100 እስከ 250 ባር አካባቢ ነው። ጤነኛው ኖዝል ጩኸት እያሰማ እንደ ጉም የደቀቀ ናፍጣ ይለቅና ቁርጥ ይላል። የታመመው ቀጭን ጅረት ይለቃል፤ ከተዘጋም በኋላ ጫፉ ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል። ያቺ ጠብታ ያለ ሰዓቷ ሞተር ውስጥ ገብታ ጭስ ትሆናለች። የሞተሩን ኢንጀክተሮች በሙሉ በአንድ ግፊት ማስተካከል ያስፈልጋል፤ አንዱ ቀድሞ ከተከፈተ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

እባካችሁ ርጭቱን በእጃችሁ አትሞክሩ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ታክላለች፤ ጣት ግን እስከማስቆረጥ ይደርሳል። የገባበት ሰው ባያመውም ወዲያው ሆስፒታል መሄድ አለበት።

በኮመን ሬይል ሞተር (ኢንጀክተሮቹ ሁሉ ናፍጣ ከአንድ የጋራ ቱቦ የሚያገኙበትና በኮምፒውተር የሚታዘዙበት) ላይ ግፊቱ ከ1,500 ባር ሊበልጥ ይችላል። እዚያ የእጅ መሞከሪያ አይሠራም። ቱቦውን ሞተሩ እየሠራ መፍታት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። በብዙዎቹ ላይ ኢንጀክተሩ ሲቀየር ላዩ ላይ የተጻፈው ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልገባ ሞተሩ የናፍጣውን ልክ አያውቀውም።

ሮንዴላ መደራረብ

ትንሽ ነገር ትመስላለች። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ (የማሸጊያ ቀለበት) አልይዝ ስትል ሁለተኛ ይደረብባታል። ያኔ የኖዝሉ ጫፍ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ርጭቱም ፒስተኑ ላይ የተቦረቦረለትን ቦታ ይስታል። ኖዝሉ አዲስ፣ ግፊቱ ልክ፣ ጭሱ ግን ያው! እንዲህ ሲያጋጥም መጀመሪያ ሮንዴላውን ቁጠሩ። አሮጌዋን አውጥቶ፣ መቀመጫዋን አጽድቶ፣ በዚያው ውፍረት አዲስ አንድ ማስገባት ነው።

በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ

ማደያ ላይ ሰልፍ ሲበረታ መንገድ ዳር የሚሸጠው ይገዛል። ችግር ነውና አልፈርድም። ግን ውሃና አሸዋ ይኖረዋል፤ ላምባ የተቀላቀለበትም አለ። ላምባ ቀጭን ነው፤ ፓምፑንና የኖዝሉን መርፌ እንደ ናፍጣ አያለሰልስም። መርፌው ተፍቆ ሲላላ ርጭቱ ያልቅለታል። መግዛት ግድ ከሆነ አሳድሩት፣ ከላይ ያለውን ብቻ በወፍራም ጨርቅ አጥልላችሁ ጨምሩ። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃም በየጊዜው አፍስሱ።

የአየር ፊልትሮን መርሳት

የጥጥም ሆነ የወረቀት ፊልትሮን የኮረኮንች መንገድ አቧራ ቶሎ ይደፍናል። በኮምፕሬሰር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ። ወረቀቱ ከተቀደደ ይጣላል።

ጭሱን በታይሚንግ ማጥፋት

ናፍጣው ቀደም ብሎ እንዲረጭ ሲደረግ ጥቁሩ ጭስ ይቀንሳል። ሾፌሩም ደስ ይለዋል። ነገር ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀቱ ይጨምርና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይበዛል። ይህ ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ለዐይን አይታይም፤ ሳንባ ግን ይጎዳል። ሞተሩም ይንኳኳል። ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን፣ ኢጂአር የሚባለውን ቫልቭ በላሜራ መድፈንም ያንኑ ጋዝ ያበዛል። ታይሚንጉን ፋብሪካው ባለው ልክ መልሱት፤ ቫልቩ በጥላሸት ከታፈነም አስጸድታችሁ መልሳችሁ ግጠሙት።