የቤተሰብ ጥቃት አገልግሎት በአቦርጂናል እጅ ሲመራ፦ መሪዋ ልታስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአውስትራሊያ «በማኅበረሰቡ ቁጥጥር ሥር ያለ ድርጅት» የሚለው ስያሜ ተራ የአስተዳደር ቃል አይደለም። በ1970 የሕግ፣ በ1971 ደግሞ የሕክምና አገልግሎት በሲድኒዋ ሬድፈርን ሲቋቋሙ (ቀኑም ዓመታቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ የአገሪቱ ነባር ሕዝብ የሆኑት አቦርጂናሎች ሌላው ሲወስንላቸው የኖረውን ጉዳይ ራሳቸው ሊወስኑ ተነሥተው ነበር። በ1980 በመካከለኛው በረሃ ሴቶች የተመሠረተው የኤን ፒ ዋይ (የሦስት የበረሃ ሕዝቦች ስም ምኅጻር ነው) የሴቶች ምክር ቤትና በ2002 በቪክቶሪያ ግዛት ሥራ የጀመረው፣ ዛሬ ጂራ ተብሎ የሚጠራው ድርጅት፣ የቤተሰብ ጥቃትን ሥራ የያዙት በዚሁ መንገድ ነው። እኔ በሜልበርን የምኖር ኢትዮጵያዊት የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ስሆን፣ እንዲህ ባለ ተቋም ውስጥ ከአቦርጂናል መሪዎች ሥር ለዓመታት ሠርቻለሁ። ካየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የመጡት መሪዋ ወይም እንደ እኔ ያሉ ረዳቶቿ ተጠሪነታቸው ለማኅበረሰቡ መሆኑን ዘንግተው የገንዘብ ሰጪውን ፊት ማየት ሲጀምሩ ነው።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ሴትየዋ በራሷ አንደበት «ተጠቅቻለሁ» እስክትል መጠበቅ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ወጣት እናት ዳይፐር ልትጠይቅ ወደ ቢሮአችን መጣች። የጥር ሙቀት ከተማውን እያቃጠለ ነበር፤ እርሷ ግን እጅጌው እስከ አንጓዋ የሚደርስ ሹራብ ለብሳለች። የተቀበለቻት ሠራተኛ ቅጽ አላወጣችም፤ ሻይ አፍልታ ወገኖቿ እነማን እንደሆኑና አያቷ የየት አገር ሰው እንደሆኑ ጠየቀቻት፤ የሚያውቁት ሰውም ተገኘ። ሴትየዋ ዳይፐሩን ይዛ ሄደች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ዐይኗን ከጽዋው ሳታነሣ «ይህን ብነግራችሁ ልጆቼን ይወስዱብኛል?» አለች።

ይህ ጥያቄ ከየት እንደሚመጣ ያልገባው ሰው ይህን ተቋም መምራት አይችልም። እስከ 1970ዎቹ ድረስ መንግሥትና የሃይማኖት ተቋማት አቦርጂናል ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ጉያ ነጥቀው ወስደዋል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው የካቲት 13 ቀን 2008 ነው። ዛሬም አንድ የነባር ሕዝቦች ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ በመንግሥት ውሳኔ ሌላ ቤት የማደጉ ዕድል ከሌላው ልጅ ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ለዚህች እናት ጥቃቱን መናገር ከጥቃቱ የባሰ አደጋ ሊመስላት ይችላል። መሪዋ ማድረግ ያለባት ሠራተኞቿ የትኛውን ነገር ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ እንዳለባቸው ገና በመጀመሪያው ውይይት በግልጽ እንዲናገሩ ማዘዝ ነው፤ ለምሳሌ በሰሜን ቴሪቶሪ ከ2009 ጀምሮ ማንኛውም አዋቂ ሰው ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰን የቤት ውስጥ ጥቃት ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። የሕፃናት ጥበቃ ክፍል የእናትየዋን በር ከማንኳኳቱ በፊትም ጠበቃ ከጎኗ ሊቆም ይገባል። በጀት ሲቀነስ ቀድሞ የሚሰረዘው «ቅንጦት» የሚመስለው ሥራ መሆኑም የዚሁ ስህተት ሌላ መልክ ነው። ጂራ ለዓመታት ያካሄደው የእህቶች ቀን የተባለ ዝግጅት ሴቶች ፀጉራቸውን የሚሠሩበት፣ የሚታሹበት፣ የሚሳሳቁበት ቀን ሲሆን፣ በዚያው አዳራሽ ጠበቆችና አማካሪዎች አብረው ይውላሉ። «ተጠቂ» ተብላ መቆጠር የማትፈልግ ሴት ከጠበቃ ጋር የምትተዋወቀው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ይህን የሰረዘ ተቋም ደግሞ ሴቶቹን የሚያገኛቸው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ይሆናል።

ሁለተኛው ስህተት ፖሊስ ከተጠራ ሴትየዋ ተረፈች ብሎ ማሰብ ነው። በ2014 በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሳውዝ ሄድላንድ ውስጥ፣ በቤተሰብ ጥቃት ምክንያት ወደ ቤቷ የሄዱ ፖሊሶች አንዲት የ22 ዓመት አቦርጂናል ሴት ባልከፈለችው የገንዘብ ቅጣት አሰሯት፤ ቀደም ሲል በአጋሯ የተሰበረው ጎድኗ አመርቅዞ በሁለት ቀን ውስጥ በእስር ላይ እንዳለች አረፈች። (ስሟን ያልጻፍሁት በብዙ አቦርጂናል ማኅበረሰቦች የሟችን ስም አለመጥራት የአክብሮት ወግ ስለሆነ ነው።) ከዚህ ባነሰ መጠን በየጊዜው የሚደርሰው ደግሞ ራሷን የተከላከለች፣ ወይም ተናዳ የጮኸች ሴት «አጥቂ» ተብላ በፖሊስ መዝገብ መጻፏ ነው። ይህ ስም አንዴ ከተጻፈ ወደ ፍርድ ቤቱም፣ ወደ ሕፃናት ጥበቃውም፣ ወደ ቤት ኪራዩም ይከተላታል። ሠራተኞች የፖሊሱን መዝገብ እንደ እውነት ተቀብለው ፋይል መክፈት የለባቸውም፤ ማን ማንን እንደሚፈራ ራሳቸው ይጠይቁ፤ ስህተቱም ከችሎት በፊት እንዲታረም መሪዋ ከጣቢያው አዛዥ ጋር አስቀድማ የተስማማችበት መንገድ ይኑራት።

ጥቃቱን «ባህላቸው ነው» የሚያስመስል ማመልከቻ መጻፍም እጅግ የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው። ገንዘብ ለማግኘት ሲባል ማኅበረሰቡን የፈራረሰ አድርጎ የሚስል አንቀጽ ይጻፋል፤ እነዚህን ሴቶች የሚያጠቁት ግን ከየትኛውም ዘርና አገር የመጡ ወንዶች ናቸው፤ ብዙዎቹም አቦርጂናል አይደሉም። እንዲህ ያለ ሥዕል ምን እንደሚያስከትል በ2007 ታይቷል፤ የፌዴራሉ መንግሥት በሕፃናት ላይ ስለሚደርስ ጥቃት የቀረበን ሪፖርት ምክንያት አድርጎ ወታደሮችን ጭምር ወደ ሰሜን ቴሪቶሪ ላከ፣ የዘር መድልዎን የሚከለክለውን ሕግም በዚያ እንዳይሠራ አገደ፤ የሪፖርቱ የመጀመሪያ ምክረ ሐሳብ ግን ከማኅበረሰቡ ጋር ከልብ መመካከር የሚል ነበር።

ስለ ታላላቆች ሚና ደግሞ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንቲና አንክል (አክስትና አጎት) እየተባሉ በአክብሮት የሚጠሩትን አረጋውያን «ሽማግሌ» ብለን ስንተረጉም፣ ባልና ሚስት አስታርቆ ወደ ቤት የመመለስ ልማዳችን ሳናውቀው አብሮ ይገባል። የእነርሱ ድርሻ ቦርዱን መምከር፣ የተሰበረውን ቤተሰብ ከወገኑና ከምድሩ ጋር መልሶ ማያያዝ፣ ለሠራተኞችም መካሪ መሆን ነው፤ ደኅንነቷ ያልተረጋገጠን ሴት ለእርቅ ማስቀመጥ ግን የማንም ድርሻ መሆን የለበትም። የተመረጡት አረጋዊ ለአጥቂው ምን ያህል እንደሚቀርቡም አስቀድሞ ይጠየቅ። ወንዶችን በሚመለከት፣ በቪክቶሪያ ከ2000 ጀምሮ እንደሚሠራው ዳርዲ ሙንዉሮ ያሉ በአቦርጂናል ወንዶች የሚመሩ የፈውስ ተቋማት አሉ፤ ከእነርሱ ጋር መተባበር መልካም ነው፣ በሴቶቹ በር ማስገባት ግን አይገባም።

ምስጢር መጠበቅን እንደ ትልቅ ከተማ መሥሪያ ቤት ማሰብም ያስጠይቃል። በትንሽ ከተማ ስልኩን የምታነሣው ሠራተኛ የአጥቂው የአጎት ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ የድርጅቱ ዓርማ የተለጠፈበት ነጭ መኪና በአንዲት ሴት ደጃፍ አሥር ደቂቃ ከቆመ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዓርማ የሌለው መኪና፣ በዝምድና ምክንያት ለተወሰኑ ሠራተኞች የሚዘጋ ፋይል፣ በሌላ ከተማ ካለ ተቋም ጋር ተገልጋይ የመለዋወጥ ስምምነት፤ እነዚህ በጀት ውስጥ ሊገቡ የሚገባቸው ነገሮች ናቸው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ የመጣውን ውል ሁሉ መፈረም ተቋሙን ቀስ በቀስ የመንግሥት ቅርንጫፍ ያደርገዋል። በ2020 የተፈረመው «ክፍተቱን መዝጋት» የተባለው ብሔራዊ ስምምነት በነባር ሕዝቦች ሴቶችና ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ጥቃት እስከ 2031 ቢያንስ በ50 በመቶ ለመቀነስ፣ በማኅበረሰቡ የሚመሩ ተቋማትንም ለማጠናከር መንግሥታቱ ቃል የገቡበት ነው። መሪዋ ይህን ሰነድ በእጇ ይዛ የአንድ ዓመቱን ውል ወደ ብዙ ዓመት እንዲለወጥ፣ ሻይ የተፈላበትም ሰዓት እንደ ሥራ እንዲቆጠር ልትከራከር ይገባታል።

በመጨረሻም ሠራተኞቹን እንደማይደክሙ መቁጠር አለ። እነርሱ በሥራ ሰዓት የሚያግዟት ሴት ማታ በገበያ አዳራሽ የምታገኛቸው ዘመዳቸው ናት፤ የሚቀበሩትም የጋራ ሙታን ናቸው። ለቅሶ በሚሆንበት ጊዜ የሦስት ቀን ፈቃድ እንደማይበቃ ለእኛ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም፤ በዚያም የእናት እህት እናት ናት፣ የአጎት ልጅም ወንድም ነው። የፈቃድ ደንቡ ይህን ዝምድና እንዲያውቅ ተደርጎ ይጻፍ፤ የሌሊቱ ስልክም በአንዲት ሴት እጅ ከሳምንት በላይ እንዳይቆይ ተራው አስቀድሞ ይውጣ።