ሟች የቨርጂኒያ፣ ኮንዶው የዲሲ፦ ሽያጩ እንዴት እንደተፈታ

ታይትል ካምፓኒው (የቤቱን የባለቤትነት ሰነድ የሚያጣራው ድርጅት) የቨርጂኒያን የውርስ አጣሪነት ወረቀት አይቶ ሽያጩን አቆመው፤ ልክም ነበር። የአጣሪ ሥልጣን በራሱ የስቴት ድንበር አይሻገርም፤ ቤት የሚዳኘው ባለበት ቦታ ሕግ ነው።

አዲስ የውርስ መዝገብ መክፈት ግን አላስፈለገም። የሹመት ደብዳቤውና የኑዛዜው ቅጂ በሰጠው ፍርድ ቤት ማኅተም ተረጋግጠው ዲሲ ሱፒርየር ኮርት ላለው የኑዛዜ መዝጋቢ ገቡ። ኖተሪ ያተመበት ፎቶ ኮፒ አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ መጥሪያ የሚቀበል የዲሲ ወኪል ተሰየመ፤ ማስታወቂያውም በሳምንት አንዴ ለ3 ተከታታይ ሳምንት ጋዜጣ ላይ ወጣ። አበዳሪዎች የዕዳ ጥያቄ ለማቅረብ ከመጀመሪያው ማስታወቂያ ጀምሮ 6 ወር ስላላቸው፣ የሽያጭ መዝጊያ ቀን ከመቁረጥ በፊት ጋዜጣው ይቅደም።

ከሁሉ በፊት ግን ዲዱን (የቤቱን የባለቤትነት ሰነድ) አንብቡት። በሕይወት ለተረፈው የቤቱ ተጋሪ ያልፋል የሚል የጋራ ባለቤትነት ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም።