የጃንጎ ሳይት 502 ሲል፦ ከሎጉ ተነስቶ ሰርቨሩን ማቅለል

አንድ ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ሰርቨር ላይ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ የሚያስኬድ)፣ ኤንጂንኤክስ (የጎብኚውን ጥያቄ የሚቀበል ዌብ ሰርቨር)፣ ሱፐርቫይዘር (ፕሮግራሞችን የሚጠብቅ)፣ ጉኒኮርን (በፓይተን ፍሬምወርኩ በጃንጎ የተጻፈውን ኮድ የሚያስኬድ)፣ ሴለሪ (ሥራን ከበስተጀርባ የሚሠራ)፣ ሬዲስ (የሴለሪን ወረፋ የሚይዝ) እና ፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) ታጭቀው ከሆነ፣ ኮዱን ከመጠርጠርዎ በፊት ጭነቱን ይመልከቱ። ለመካከለኛ ሳይት ኤንጂንኤክስ፣ ጉኒኮርንና ፖስትግሬስ ይበቃሉ፤ የሚጠብቃቸው ሲስተምዲ (የሊኑክስ ሰርቪስ አስተዳዳሪ) አስቀድሞም እዚያው አለ።

ችግር፦ ገጹ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ 502 (ባድ ጌትዌይ) ይላል።

ኤንጂንኤክስ ደህና ነው፤ መልስ ያጣው ከጉኒኮርን ነው። ስለዚህ ኤንጂንኤክስን ደጋግሞ ማስነሳት ዋጋ የለውም። የኤንጂንኤክስን የኤረር ሎግ ያንብቡ። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ብዙውን ጊዜ ኤንጂንኤክስ ሶኬቱ (ከጉኒኮርን ጋር የሚገናኝበት ፋይል) ያለበት ፎልደር ውስጥ መግባት አልተፈቀደለትም፤ ሶኬቱን ትተው ጉኒኮርንን በ127.0.0.1 ፖርት 8000 ላይ ቢያስነሱት፣ ኤንጂንኤክስንም ወደዚያው ቢያዞሩት ይገላገላሉ። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ በዚያ ሰዓት ጉኒኮርን አልተነሳም ወይም በሌላ አድራሻ ላይ ነው። «አፕስትሪም ፕሪማቹርሊ ክሎዝድ ኮኔክሽን» ካለ ግን ብዙውን ጊዜ ዎርከሩ (ጥያቄዎችን የሚያስተናግደው የጉኒኮርን ፕሮሰስ) ሥራውን ሳይጨርስ ተገድሏል። ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው።

አንደኛው የሜሞሪ እጥረት ነው። የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሎግ ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ይገኛል። የዎርከር ብዛት በተለመደው ቀመር የፕሮሰሰር ኮር ብዛት ሲባዛ በ2 ሲደመር 1 ነው፤ ባለሁለት ኮር ሰርቨር 5 ይደርሰዋል። ቀመሩ ግን ሜሞሪን አይቆጥርም። አንዱ ዎርከር 150 ሜጋባይት ቢይዝ አምስቱ 750 ይወስዳሉ፤ ለፖስትግሬስ ምን ተረፈው? ወደ 2 ይቀንሱ። ሴለሪ ያለው ሌሊት አንድ ሪፖርት ለመላክ ብቻ ከሆነ፣ እሱንም ሬዲስንም አውጥተው ሥራውን በተወሰነ ሰዓት ሥራ ለሚያስጀምረው ለክሮን ይስጡት።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ጉኒኮርን ካልተቀየረ በቀር 30 ሴኮንድ ጠብቆ ያልጨረሰውን ዎርከር ይገድላል፤ የራሱ ሎግ ላይ «ዎርከር ታይምአውት» ይላል። ቁጥሩን 120 ማድረግ በሽታውን መሸፈን ነው። የዘገየውን ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ፈልገው ያስተካክሉ።

ችግር፦ ዲበግ (ለልማት ጊዜ የሚበራው የጃንጎ ሴቲንግ) ሲጠፋ ገጹ ያለ ሲኤስኤስ ይመጣል።

ጃንጎ ያኔ ስታቲክ ፋይል (ሲኤስኤስ፣ ምስልና የመሳሰለውን) ማቅረቡን ያቆማል። ስታቲክ ፋይል የሚያቀርበውን ዋይትኖይዝ ጭነው በጃንጎ የሚድልዌር ዝርዝር ውስጥ ከሴኩሪቲ ሚድልዌር ቀጥሎ ያስገቡት፣ ፋይሎቹን አንድ ቦታ የሚሰበስበውን ኮሌክትስታቲክ ያስኪዱ።

ችግር፦ ሰርቨሩ ሪቡት ሲደረግ ሳይቱ አይነሳም።

ጉኒኮርን በእጅ ከተርሚናል ተነስቶ ነበር ማለት ነው። የሲስተምዲ ሰርቪስ ፋይል ይጻፉለት፤ በቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቱ (የፕሮጀክቱ የራሱ የፓይተን ፎልደር) ውስጥ ያለውን ጉኒኮርን በሙሉ አድራሻው ይጥሩ፣ «ሪስታርት» የሚለውን «ኦልዌይስ» ያድርጉ። ፋይሉን በነኩ ቁጥር «ዴመን ሪሎድ» (ሲስተምዲ ፋይሉን ዳግም እንዲያነብ የሚያደርገውን ትዕዛዝ) አይዘንጉ፤ አለበለዚያ የሚሠራው አሮጌው ነው። ሰርቪሱን ኢኔብል ካደረጉ (ከሰርቨሩ ጋር እንዲነሳ ካዘዙ) በኋላ ሰርቨሩን ሪቡት አድርገው፣ ምንም ሳይነኩ ሳይቱ መነሳቱን ያረጋግጡ።