የጦር አውሮፕላን ሲሙሌተር ላይ የፀሐይ ብልጭታን እውነተኛ ማድረግ

ረፋድ ላይ እንጦጦ ወጥታችሁ አዲስ አበባን ቁልቁል እዩ። ከዚያ ሁሉ ቆርቆሮ ጣራ መሃል አንዱ ዓይን ይወጋል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ዝም ብሎ ግራጫ ነው። ትንሽ ራመድ ስትሉ የበራው ይጠፋና ሌላው ይበራል። የዛገው ግን የትም ብትቆሙ አይበራም። አውሮፕላን ላይ የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ አብዛኛው አካል ደብዘዝ ብሎ፣ አንዱ ቦታ ለቅጽበት ቦግ ብሎ እልም የሚል።

ብዙ ስኪን (ተጫዋቾች ለአውሮፕላኑ የሚያለብሱት ገጽታ) ላይ የማየው ስህተት ብልጭታው ቴክስቸሩ ላይ፣ ማለትም ሞዴሉ የሚለብሰው ምስል ላይ፣ በነጭ ብሩሽ መሳሉ ነው። ፀሐይዋ የትም ትሁን የት፣ ያ ነጭ መስመር ክንፉ ላይ ተጋድሞ ይቆያል። መጀመሪያ እሱን አጥፉት። የቀለሙ ቴክስቸር ላይ ብርሃንም ጥላም አይኑር፤ እሱን ጌሙ ራሱ ያስላው።

ምሳሌያችን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ተዋጊ ፒ-51ዲ ሙስታንግ ይሁን። ዲሲኤስ ወርልድ የሚባለው የበረራ ሲሙሌተር ላይ መንትያው ቲኤፍ-51ዲ በነፃ ስለሚገኝ ማንም መሞከር ይችላል። እዚያ ራፍሜት የሚባል የምስል ፋይል አለ፤ ሦስቱ የቀለም ቻናሎቹ የተለያየ መረጃ ይይዛሉ፤ ቀዩ ቻናል የጥላ፣ አረንጓዴው የሻካራነት፣ ሰማያዊው የብረትነት ነው። ሥራችን ከሞላ ጎደል አረንጓዴው ላይ ነው። ጥቁር ማለት እንደ መስታወት ለስላሳ፣ ነጭ ማለት ሻካራ።

አሁን አውሮፕላኑን እንወቀው። ከ1944 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የአሜሪካ ተዋጊዎች ከፋብሪካ ቀለም ሳይቀቡ መውጣት ጀመሩ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሙስታንግን ከአፍንጫ እስከ ጭራ ባዶ አሉሚኒየም አድርጎ ይሠራዋል። ክንፉ ግን እንደዚያ አልነበረም! አየሩ ሳይረበሽ እንዲያልፍበት ተብሎ የሪቬቱና የላሜራው መገጣጠሚያ ልክ ጋራዥ ውስጥ እንደምናየው በስቱኮ ተሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ከላዩ ብርማ ቀለም ይረጭበት ነበር። አካሉ ባዶ ብረት፣ ክንፉ ቀለም። ይህን ልዩነት አረንጓዴው ቻናል ላይ ካስገባችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል፤ አካሉ ስል ብልጭታ ይሰጣል፣ ክንፉ ደግሞ ሰፋ ያለና ለስለስ ያለ።

እኔ የምጀምርባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ለአካሉ 0.25 አካባቢ፣ ማለትም ከ255 ላይ 64። ለክንፉ 0.45፣ ማለትም 115። አፍንጫው ላይ ላለው የወይራ አረንጓዴ ቀለም 0.85፣ ማለትም 217፤ ብረትነቱም ዜሮ። የባዶ አሉሚኒየም የቀለም ዋጋ 245፣ 246፣ 246 ነው፣ ነጭ ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው «ብረት ግራጫ ነው» ብሎ ያጠቁረዋል፤ ያኔ ነጸብራቁም አብሮ ይጠቁራል። ባዶ ብረት የራሱ ግራጫ የለውም፣ ከላዩ ሰማዩን ከሆዱ መሬቱን ነው የሚያሳየው።

ከዚህ በኋላ ላሜራዎቹን ለያዩ። እያንዳንዱ ላሜራ ከጎረቤቱ በሻካራነት ትንሽ ይለይ፣ 0.03 ወይም 0.05 ይበቃል። ከጭስ ማውጫው ወደ ኋላ የተጎተተው ጥላሸት ሻካራ ነው። መካኒኩ እጁን የሚያሳርፍበት የሞተር ክዳን ዳር ደግሞ በቅባት ለስልሶ ይገኛል።

ኖርማል ማፑ (ገጹ ወዴት እንደሚያይ በቀለም ቁጥር የሚመዘግበው ምስል) ላይም እያንዳንዱን ላሜራ በጥቂቱ አዘንብሉት። ጠፍጣፋ ማለት 128፣ 128፣ 255 ነው። አንዱን 128 ወደ 129 ስትቀይሩ ላሜራው 0.45 ዲግሪ ገደማ ይዘነብላል፣ ነጸብራቁ ደግሞ የዚያን እጥፍ ይሄዳል። ፀሐይዋ ራሷ ሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት 0.53 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺ አንድ ቁጥር ብቻዋን ብልጭታውን ከአንዱ ላሜራ ወደ ሌላው ታዘልለዋለች። አውሮፕላኑ ሲዞር ላሜራዎቹ ተራ በተራ ቦግ፣ ቦግ ሲሉ ማየት ልብ ይሞላል፣ እውነት ነው የምላችሁ። ከሁለት ሦስት ቁጥር በላይ ግን አትሂዱ፤ አውሮፕላኑ በድንጋይ የተቀጠቀጠ ይመስላል።

የኮክፒቱ መስታወት ሌላ ጉዳይ ነው። ፊት ለፊት የሚመልሰው ብርሃን 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው፣ ግን የፀሐይ 4 በመቶም ዓይን ያጠፋል። ጎበጥ ያለ መስታወት ከየትኛውም አቅጣጫ ማለት ይቻላል አንድ ትንሽ ነጥብ ያሳያል። ጠፍጣፋ መስታወት ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ፣ ሲያበራ ግን እንደ መብረቅ። የኤኤች-1 ኮብራ ሄሊኮፕተር መስታወት በኋላ በጠፍጣፋ የተተካው የፀሐይ ብልጭታው ከሩቅ እንዳያጋልጠው ነበር። እንግዲህ ጎባጣውን ለማሳመር ብላችሁ አታደልድሉት፣ ጠፍጣፋውንም አታጉብጡት።

የራሳችሁን ጌም ወይም ሼደር (ብርሃኑን የሚያሰላውን ኮድ) የምትጽፉ ደግሞ ጊዜን አስቡ። ፍጹም ጠፍጣፋ መስታወት የመለሰው የፀሐይ ጨረር 1 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ስፋቱ 9 ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በሰከንድ 90 ዲግሪ ሲንከባለል ጨረሩ እስከ 180 ዲግሪ ይጠርጋል፣ ስለዚህ ዓይናችሁ ላይ የሚቆየው 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ ሲስል አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። አያችሁ? ብልጭታው በሁለት ፍሬሞች መሃል ሾልኮ ሊያመልጥ ይችላል። መፍትሔው ያለፈውን ፍሬም አቅጣጫ ማስቀመጥና ጨረሩ በዚያና በአሁኑ መሃል ተመልካቹን ነክቶ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ከነካ አብሩት፣ ጉልበቱን ግን በቆየበት ጊዜ ልክ ቀንሱ።

ሩቅ ያለ አውሮፕላን ሁለት ሦስት ፒክስል ሲሆን ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም በአማካይ ይዋጣል። ለዚያ ርቀት የመስታወቱንና የክንፉን ላይኛ ገጽ አቅጣጫ ለብቻ አስሉና ብልጭታውን እንደ አንድ የብርሃን ነጥብ ሳሉት። የፀሐይዋን ብርሃን 1.0 ላይ (የስክሪኑ ሙሉ ነጭ ላይ) አትቁረጡት፤ ከተቆረጠ ከሩቅ የሚታየው ነጭ ቀለም እንጂ ብልጭታ አይሆንም። የአካባቢው ነጸብራቅ ምስል ውስጥ ፀሐይ ካለች ደግሞ አውጧት፣ አለበለዚያ ሁለቴ ትቆጠራለች።

ባሕር ላይ የምትበሩ ከሆነ በ1954 እ.ኤ.አ. ኮክስና መንክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራል። የነፋሱን ፍጥነት በሜትር በሰከንድ ወስዳችሁ በ0.00512 አባዙ፣ 0.003 ጨምሩ፤ የማዕበሉን ተዳፋት ቫሪያንስ፣ ማለትም የስፋቱን ካሬ፣ ይሰጣችኋል። ነፋስ ሲበረታ የፀሐይዋ መንገድ ውሃው ላይ ይሰፋል፣ ይደበዝዛልም።

ለመፈተሽ ሰዓቱን ወደ ማምሻ አድርጉ፣ ኤፍ 2 ተጫኑና ከውጭ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ተንከባለሉ። ከዚያ ኮክፒት ግቡና ፀሐይን ከፊት አድርጓት። ከፊታችሁ ያለው የወይራ ቀለም የተቀባው አብራሪውን ነጸብራቅ እንዳያሳውረው ነውና ጨለም ብሎ መቆየት አለበት። ካበራባችሁ ወደ አረንጓዴው ቻናል ተመለሱና 217ቱን ወደ 230 ከፍ አድርጉት።