የተሰፋ የትከሻ ጅማትን መልሰው የሚበጥሱ ስህተቶች

አክስቴ የትከሻዋ ጅማት ከተሰፋ አምስተኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር። ሕመሙ ቀለል ብሏታል፤ እንቅልፍም መተኛት ጀምራለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቷ ለቡና መጣች። አክስቴ የክንድ ማንገቻውን አወለቀችና ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ኪሎ ስኳር ልታወርድ እጇን ዘረጋች። «ቋ ሲል ሰማሁት» ትላለች እስከ ዛሬ። እንደገና ስትታይ ጅማቱ ከአጥንቱ ተላቅቆ ተገኘ።

ስለ ትከሻ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ ሰው አፍ ላይ የማይጠፉ አባባሎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከስፌቱ በኋላ፣ ሌሎቹ ገና ከመሰፋቱ በፊት የሚባሉ።

«አንድ ኪሎ ምን አላት!»

መጀመሪያ ትከሻ እንዴት እንደተሠራ እንይ። የክንድ አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው። ኳሱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ግን በጣም ትንሽ ነው። ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ ቁጭ አድርጋችሁ አስቡት። ብርቱካኑ እንዳይንከባለል የሚይዙት አራት ጡንቻዎች ናቸው። ጅማቶቻቸው ኳሱን ከፊት፣ ከላይና ከኋላ አቅፈውታል። ሐኪሞች ሮቴተር ከፍ ይሏቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ከላይ በኩል የሚያልፈው፣ ሱፕራስፓይናተስ የሚባለው ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ክንዱ ወደ 3.5 ኪሎ ይሆናል። ክንዱን ወደ ጎን ቀጥ አድርጎ ሲዘረጋ የክብደቱ ማዕከል ከመገጣጠሚያው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ክንዱን ወደ ላይ የሚስቡት ጡንቻዎች ግን ከመገጣጠሚያው መሐል የሚርቁት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አሥር እጥፍ መሳብ አለባቸው፤ ለባዶ እጅ 35 ኪሎ ማለት ነው። ስኳሩ ደግሞ ያለው መዳፍ ላይ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው። ያቺ አንድ ኪሎ ጡንቻዎቹ ላይ 20 ኪሎ ትሆናለች። ይህ ሁሉ በተሰፋው ጅማት ላይ ብቻ አይወድቅም፤ ዴልቶይድ የሚባለው የትከሻ ትልቁ ጡንቻ አብዛኛውን ይሸከማል። የጅማቱ ድርሻ ግን ለአምስት ሳምንት ስፌት ቀላል አይደለም። ፖፐንና ዎከር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 ባወጡት ስሌት፣ ክንድ በ90 ዲግሪ ሲነሳ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውየውን ሙሉ ክብደት 90 በመቶ ገደማ ይሆናል። ያውም እጅ ምንም ሳይዝ።

ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ኪሎ ነው?» ብቻ ሳይሆን «ከሰውነቴ ምን ያህል ርቋል?» ነው። ክርን ታጥፎ ጎን ላይ ሲጣበቅ ጫናው ይወርዳል። ምጣድ ላይ ሊጥ ማዞር፣ አክንባሎ ማንሳት፣ ከመኪና የኋላ ወንበር ቦርሳ መጎተት ግን ሁሉም በተዘረጋ ክንድ ነው የሚሠሩት።

«አሁንማ አያመኝም»

ይሄ ነው አክስቴን የሸወዳት። እኔንም ይሸውደኝ ነበር።

ጤነኛ ጅማት አጥንት ላይ ዝም ብሎ አልተለጠፈም። መጀመሪያ ጅማት አለ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ልም አጥንት (ካርቲሌጅ)፣ ከዚያ ማዕድን የገባበት ልም አጥንት፣ በመጨረሻ አጥንት። ለስላሳው ቀስ በቀስ ጠጣር እየሆነ ስለሚሄድ ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ አይከማችም። ከስፌት በኋላ ይህ ደረጃ በደረጃ የሚጠጥረው አሠራር ተመልሶ አይመጣም። የሚበቅለው ጠባሳ ነው። ጠባሳው እስኪጠነክር ድረስ ጅማቱን የያዘው ክሩ ነው። ክሩ ራሱ ብዙ ጊዜ አይበጠስም፤ ቅቤ በክር እንደሚቆረጠው ለስላሳውን ጅማት እየቆረጠ ያልፋል እንጂ።

በ2004 ጋላትዝና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር። ትልልቅ ብጥሳት የተሰፋላቸውን 18 ሰዎች ቢያንስ ከዓመት በኋላ በአልትራሳውንድ አዩአቸው። የ17ቱ ጅማት ተመልሶ ተበጥሷል። የሚገርመው ግን አብዛኞቹ ሕመማቸው ቀንሶ፣ እጃቸውም በተሻለ ሁኔታ ይሠራላቸው ነበር። የሕመም መጥፋት ስለ ስፌቱ የሚነግረን ነገር በጣም ትንሽ ነው ማለት ነው። የሚቆጠረው ሳምንት ነው። እንደ ብጥሳቱ መጠን ይለያያል እንጂ፣ ማንገቻ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ማጠንከሪያ ስፖርት ከ12ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ከባድ ሥራ ደግሞ ከዚያም ብዙ ቆይቶ ነው።

«እንግዲያውስ ጭራሽ አላንቀሳቅሰውም»

አንዱን ስህተት የሰማ ሰው ሮጦ ተቃራኒው ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ አይጦች አስተማሪ ናቸው። የአይጥ ትከሻ እንደ ሰው ከጅማቱ በላይ የአጥንት ጣሪያ ስላለው ተመራማሪዎች ይመርጡታል። ጅማታቸው ከተሰፋ በኋላ በጀሶ የታሰሩት አይጦች፣ ስፖርት ከሠሩት የተሻለ መጋጠሚያ አበቀሉ። ነገር ግን ጡንቻው በቦቶክስ ሽባ ተደርጎ ጫና ጨርሶ ሲነሳለት ፈውሱ ተበላሸ። ጅማት ትንሽ መሳብ ይፈልጋል። በሰው ላይ ደግሞ ትከሻ ግትር ብሎ የመቅረት ጣጣ አለ፤ በተለይ ስኳር በሽታ ላለባቸው።

ለዚህ ነው ፊዚዮቴራፒስቶች የፔንዱለም እንቅስቃሴ የሚያሠሩት። ስሙ ከቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ከኮድማን ጋር ይነሳል፤ በ1909 ይህን ጅማት ሰፍቶ በ1911 የጻፈው ሰው ነው። በደህናው እጅ ጠረጴዛ ትደገፋላችሁ፣ ጎንበስ ትላላችሁ፣ የተሰፋው ክንድ ይንጠለጠላል። የሚወዛወዘው ወገብ ነው፤ ክንዱ ዝም ብሎ ይከተላል። ብዙ ሰው ግን ወገቡን አቁሞ ክንዱን በገዛ ጡንቻው ያሽከረክራል። ያ ፔንዱለም አይደለም፤ ስፌቱን መጎተት ነው።

«ወጌሻው መልሶታል፣ ቀስ እያለ ይለቀዋል»

ትከሻ ሲወልቅ ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ዋጋው አይከብድም፣ እጁ የተባረከም አለ። እጅ ግን አጥንት ውስጥ ያለ ስንጥቅ አያይም። ስብራት ያለበትን ውልቃት በኃይል መሳብ ስብራቱን ያባብሳል፤ በብብት በኩል የሚያልፈውንም ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ዕድሜ ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ትከሻው ሲወልቅ ጅማቱም አብሮ መበጠሱ የተለመደ ነው። ትከሻው ቦታው ገባ፤ ሰውየው ግን ክንዱን ማንሳት አቃተው። «ደንዝዞ ነው» ተብሎ ወራት ያልፋሉ። እስከዚያ ከአጥንቱ የተላቀቀው ጡንቻ ይከሳል፣ ስብ ይሞላዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ጉታሊዬ በ1994 ይህን ስብ ከ0 እስከ 4 ደረጃ አውጥቶለታል። ጅማቱ በኋላ ቢሰፋም ስቡ እምብዛም አይመለስም። ከወደቃችሁ በኋላ ክንዳችሁ አልነሳ ካለ በቀናት ውስጥ ታዩ።

«ምስሉ ላይ ተበጥሷል፤ ቶሎ ይሰፋልኝ»

ሳይወድቁ፣ በዕድሜና በሥራ ብዛት ለተበጠሰ ጅማት ግን ጥድፊያው ሌላ ነው። በ1995 በታተመ ጥናት ትከሻቸውን ምንም የማያማቸው 96 ሰዎች ኤምአርአይ ተነሱ። ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት 54 በመቶው ብጥሳት ነበረባቸው፤ ግማሹ በከፊል፣ ግማሹ በሙሉ። በ2013 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ሳይወድቁ የመጣ፣ የሚያማቸው ሙሉ ብጥሳት ኖሮባቸው ፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት ውስጥ በሁለት ዓመት ቀዶ ሕክምና የመረጡት ከሩብ በታች እንደነበሩ አሳይቷል።

«ጠንካራው ስፌት ይደረግልኝ»

ላቦራቶሪ ውስጥ ባለ ሁለት ረድፍ ስፌት ከባለ አንዱ ይጠነክራል። የተለካው ግን በአስከሬን ትከሻ፣ በተሰፋበት ቅጽበት ነው። አስከሬን አያገግምም፣ ሲጋራም አያጨስም። በሕያው ሰው ላይ፣ በተለይ ለትንንሽ ብጥሳት፣ የእጁ አገልግሎት ብዙም አይለያይም። ፈውሱን የሚያጓትተውን ማጨስ ማቆም ግን በእጃችሁ ነው።

«ቤቱን ከኦፕራሲዮኑ ስመለስ አስተካክለዋለሁ»

ስትመለሱ አንድ እጅ ነው ያላችሁ። በየቀኑ የሚነሳውን ሁሉ ከወገብ እስከ ደረት ባለው ከፍታ ላይ አውርዱት፤ ስኳር፣ ዘይት፣ የቡና ዕቃ። በራስ የሚጠለቅ ልብስ ትታችሁ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ አዘጋጁ። ማታ ጠፍጣፋ አልጋ ላይ መተኛት ስለሚከብድ ጀርባን ቀና የሚያደርጉ ትራሶች ያስፈልጋሉ። አንድ ትንሽ ትራስ ደግሞ ከክርኑ ሥር ይገባል፤ አለዚያ ክንዱ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ሌሊቱን ሙሉ ስፌቱን ሲስብ ያድራል።